አንድ ጀሪካን ውሃ

ቱሉ ዲምቱ፣ ቧንቧው ዝም ካለ አሥራ አንድ ቀኑ፤
ቢጫ ጀሪካኖች በየደረጃው ቆመው
ከሰዉ ይልቅ እነሱ ጎረቤት ሆኑ።
እኔ ጋ የቀረው አንድ ነው፣ እሱም ጎደሎ፤
ለሻይ፣ ለፊት፣ ለእግር ተቀናንሶ፣ ተከፋፍሎ
የሚተርፈው ውሃ አንድ ጥቅል ፊልም ያጥባል?

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ዕቃ ደርድሬ
አያለሁ፣ እተዋለሁ፣ ደግሞ አያለሁ ዞሬ።

አንዱ ዱቄት ነው፣ በብር ወረቀት የታሸገ።
ጋሽ ወንድይራድ ሰጠኝ፣ ፎቶ ቤቱን የዘጋ ለት፣
ከቀይ አምፖሉና ከመቀሱ ጋር ጠቅልሎት።
"ዱቄት አያዳላም" ይል ነበር ሲያስተምረኝ፤
"ነጩንም ጥቁሩንም ሰምቶ ነው የሚፈርደው።"
እውነቱን ነው።
ግን ዱቄት ውሃ ወዳድ ነው፤
ሙቅ ሊትር ይጠጣል፣ ሟሙቶ ማደር ያምረዋል፤
ደግሞ ጥጉ ወይቧል፣ ስንት ክረምት አልፎታል፤
እንደ ባለቤቱ ሳል ገብቶት እንደሁ ማን ያውቃል?

ሌላው ሽሮፕ ነው፣ ጠቆር ያለ፣ ወፈር ያለ፤
ኤፍራታ ሆስተሷ በሻምፑ ጠርሙስ ያመጣችልኝ፣
"እንዳትታጠቢበት!" እያለች የምትስቅብኝ።
አምስት ሚሊ በስሪንጅ፣ ግማሽ ሊትር ውሃ፣ በቃ፤
ማንም ሳይነቀንቀው አንድ ሰዓት ይቆማል።
ቁጥቡ እሱ ነው። ነውሩ ግን ሸካራነቱ፤
ፊት ላይ አሸዋ ይበትናል፣ አይራራም አንጀቱ።

(ሦስተኛም አለ፤ የኮሌጅ ልጆች
ፈጣን ቡና ከልብስ ሶዳ በጥብጠው ያጥባሉ።
ሞክሬዋለሁ። ሽታው የረጠበ ውሻ ነው። ይቅር።)

ይልቅ ፊልሙ ላይ ማን አለ? ነገሩ እሱ ጋ ነው።

ኦቦ ጉርሜሳ፣ የብሎካችን ዘበኛ፣
"እዚህ አንሺኝ" አሉ ባለፈው እሁድ፣
መኪና ማቆሚያው መሀል ገትረው ራሳቸውን።
"ጥላው ጋ አይሻልም?" ብላቸው
ሲሚንቶውን በዱላቸው ሁለቴ መቱት፤
"አውድማዬ እዚህ ነበር።"
ሌላ ቃል አልጨመሩም።
ስድስት ሰዓት ነው፣ ፀሐይዋ አናት ላይ፤
ባርኔጣው ዓይናቸውን በጥላ ቆርጦታል፣
ሸሚዛቸው ይነዳል።
አንዴ ብቻ ነካሁት፤ የመጨረሻው ፊልም ነበር።

ጋሽ ወንድይራድ ቢሆን ዱቄቱን ይል ነበር።
እኔ የፈለግሁት ያንን ዓይን ነው፤
ሸሚዙ ሳያልቅ፣ ጥላው ሳይሰምጥ
ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ፣ የማይቸኩል ነገር።
እንዲህ ብዬ ለራሴ አስረዳሁ። ግን አልዋሽም፤
የመረጥኩት እኔ አይደለሁም፣
ጀሪካኑ ነው።

ሽንት ቤት ገባሁ፣ የበሩን ስር በጋቢ ደፈንኩ፤
ፊልሙን በጨለማ፣ በጣቴ እያየሁ ጠመጠምኩ።
አምስት ሚሊ። ክዳኑን ገጠምኩ።
መብራት ሄደ፤ ይሂድ፣
ታንኩ ውስጥ ያለውም መብራት አይፈልግ።
ከታች የኦቦ ጉርሜሳ ፊሽካ አንዴ ጮኸ፣
ከቂሊንጦ በኩል ጅብ መለሰላቸው።

ሰዓቱ ሊሞላ አራት ደቂቃ ሲቀረው
ቧንቧው አስነጠሰ።
መጀመሪያ ነፋስ፣ ቀጥሎ ዝገት፣ ቀጥሎ ውሃ!
በዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ፎቁ ሁሉ ባልዲ ሆነ፤
"መጣ! መጣ!" በሩ ሁሉ ተበረገደ።
አሁን መጣህ? አልኩት፤ ለአሥር ዱቄት የሚበቃ ሆነህ?
ሳቄ መጣ፤ ፊክሰሩን ጨርሼ
ፊልሙን ከቧንቧው ስር አቆየሁት፣
እንደ ሀብታም፣ ሳልቆጥር።

ጠዋት ዘበኛ ቤቱ ደጃፍ
ኔጋቲቩን ወደ ፀሐይ አንስተው አዩት፤
ሽበታቸው ጠቁሯል።
"ወይ ጉድ! ጉርሜሳን ጎረምሳ አደረግሽው!"
ቀጥለው ማጉያ መነጽሬን ተቀበሉኝ፣
ዝም አሉ።
እግራቸው ስር፣ ሲሚንቶው ላይ
ሽሮፑ የበተነው ሸካራ ቅንጣት ሞልቷል፤
ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት
በጥፍራቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።
"ገብሱ" አሉ፤
"እዚሁ ነው ያለው።"