ሰባት መቶ እርምጃ

ከሱብሂ አዛን ቀጥሎ የምሰማው የይመርን ጩኸት ነው፤
"ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው!"—ሚኒባሱ ግን ባዶ ነው።
ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ፤ እገባለሁ፣ ዓይኔ በእንቅልፍ ፈዝዞ፤
እስኪሞላ እጠብቃለሁ፣ ጉልበቴ ደብተር ይዞ።

ሐረጎን ስንወጣ ጆሮዬ ይደፈናል፤
ከሦስተኛው ጥምዝ ላይ ጉሙ መስኮቱን ይሸፍናል።
አንዱን ቀመር ግማሹን ታች፣ ግማሹን ላይ ፈትቼ፣
የቀረውን በጣቴ፣ በጉሙ መስታወት ላይ ጽፌ ትቼ፣
ደሴ ስደርስ እጄ ደንዝዟል፤
የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ግማሹ ተጉዟል።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ተሳቢ መንገዱን ዘግቶ
ፈተና አመለጠኝ። መምህሩ ሰዓቱን አይቶ
"ምክንያት?" ሲለኝ "ተሳቢ" አልኩት፤
እንደ ሰበብ ሰማው፣ እንደ እውነት የነገርኩት።

ትርንጎ፣ የወረኢሉዋ፣ አጠገቤ የምትማር፣
"ነይ" አለች፣ "ኪራዩን ለሁለት፤ ያንሳል ከሚኒባስሽ ብር።
ጣሪያው አያፈስም—በበጋ። ውሃም አለ—ማክሰኞ ማክሰኞ።
መብራት ብዙ አይጠፋም፤ ከጠፋም ሰኞ ሰኞ።
እትዬ ደብሪቱ ደግ ናቸው፤ ብቻ ሁለት ሰዓት ሲሞላ
በሩ አይከፈትም፣ ቢመጣም የራሳቸው ልጅ በኋላ።"

ማታ በልብስ ስፌቱ ቤት፣ ባባቴ የጨርቅ ጠመኔ
ካርቶን ላይ ደመርኩት፦ በዚህ መንገድ፣ በዚያ ኪራይ፣ መሀል ላይ እኔ።
ሽንኩርት ረስቼ ጨመርኩ፤ ሻማ ረስቼ ጨመርኩ፤
የማላውቀውን ቤት ስደምር፣ የማውቀውን ቀነስኩ።
ኑረዲን ወንድሜ ሳቀ፦ "እንቅልፍሽን በስንት ያዝሽው?"
ጠመኔው እጄ ላይ ቀረ። እንቅልፍ ዋጋው ስንት ነው?

አባዬ ቀና አላለም፣ ከሲንጀሩ መርፌ ላይ፤
"ሴት ልጅ..." አለና ተወው፣ ክሩን በምላሱ አርሶ ሊያይ።
ያባቴ ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ ግማሹ ይቀራል፤
ቀሪውን እግሩ ይጨርሳል፣ መርገጫው ያወራል።
እናቴ፦ "ደሴ ብርድ ነው፣ ደረትሽን ይመታሻል" አለች፤
ቀጥላ "ሂጂ" አለች፤ ቀጥላ "ቆይ" አለች፤ ቀጥላ ድስቷን አየች።

እኔም እንዲያው ነኝ። ጧት ሐረጎ ላይ፦ "በቃኝ፣ እከራያለሁ"፤
ማታ ስወርድ፣ የቦርከና ሙቀት ፊቴን ሲነካኝ፦ "እመላለሳለሁ"።
ቁልቁለት ወደ ቤት ሲሆን፣ ይሸነግላል እንደ ዘመድ፤
ዳገቱ ግን ጧት ይጠብቃል፣ ሳይረሳ፣ እዚያው መንገድ።

አንድ ሐሙስ ሱቁ ተዘግቶ ዋለ። አባዬ የለም።
የት እንደሄደ፣ ጎረቤቱ ፀጉር ቆራጭ እንኳ አላወቀም።
ማታ ገባ፣ ጫማው ላይ የደሴ ጭቃ፣
አንገቱ ላይ ሜትሩ እንዳለ። ተቀመጠና አለ፦ "በቃ።
ከሴትዮዋ በር እስከ ግቢው፣ ሰባት መቶ እርምጃ ነው።
መብራት ያለው ምሰሶ አንድ ነው፤ ውሻው ግን የታሰረ ነው።
መስኮቱ አንድ ክንድ ተኩል፣ መጋረጃ የለው፤ አየሁት።"
ከዚያ ሲንጀሩ ሌሊቱን ሙሉ ጮኸ፤ ተኝቼ ሰማሁት።

የሰፋው ሰማያዊ ነው፣ የሱሪ ገበር ትራፊ፤
የታችኛው እጥፉ ግን ሰፊ፣ በጣም ሰፊ።
"ለምን?" ብለው፦ "ክፍል ትቀይሪ ይሆናል፤ መስኮት ሁሉ እኩል አይደለ፤
ደግሞ ብትመለሺ፣ የኛም መስኮት አለ።"

ቅዳሜ ይመር ፍራሼን አይቶ፦ "እቃ ይከፈልበታል" አለ።
የሁለት ሰው ከፈልኩ። ፍራሹ አጠገቤ ተደግፎ እንቅልፉን ቀጠለ።
"ዛሬስ አንድ ሰው አልቀረም?" አልኩት። ሳቀ፣ በሩን ዘጋ፤
"ሰኞ ማንን ልጠራ ነው?" አለኝ፣ ገና ሳይነጋ።

ትርንጎ መጋረጃውን ስትሰቅል፣ እኔ ወጣሁ ልቆጥር፣
ከእትዬ ደብሪቱ በር ጀምሬ፣ እስከ ግቢው አጥር።
ምሰሶው አለ። ውሻውም አለ፣ ታስሯል፤ እውነቱን ነው።
እርምጃው ግን አልገጠመም፤ የኔ ብዙ ነው።
ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። ሁለቴም ዘጠኝ መቶ አርባ።
የገባኝ ማታ ነው፣ በሩ ሊዘጋ ሲል ስገባ፦
ያባቴ እግር ረጅም ነው፤ መንገዱን በራሱ ለካ፤
ሁለት መቶ አርባውን እርምጃ፣ እንደ እጥፉ ትቶልኝ ኖሯል፣ ለካ።