«ሄድኩ»

ሰኞ ነው። ሌተርኬኒ ጣራው ሁሉ ያንጠባጥባል፤
ችሎቱ እርጥብ ካፖርት፣ እርጥብ ጃንጥላ ይሸታል።
እኔ ከመሐል ነኝ፣ ምላሴን አከራይቼ፣
ሂሳቤ በሰዓት ነው፣ በሁለት አፍ መሐል ገብቼ።
ምያለሁ፦ አልጨምርም፣ አልቀንስም፣ አላሳምርም።
የሰማሁትን እንጂ የገባኝን አልናገርም።

ተከሳሹ አያልሰው፣ ዓሣ ፋብሪካ ነው የሚሠራ፤
ጣቶቹን በረዶ ልጧቸው፣ ዓይኑ መሬት የሚፈራ።
የቆመው ስለ ቆመች መኪና ነው፤
ስንዝር ስላልተራመደች፣
ሞተሯ ግን ሌሊቱን ስታጉረመርም ስላደረች።

ሕጉ የነዳውን ሰካራም ብቻ አይቀጣም፤
ሊነዳ ያሰበውንም ይጠይቃል።
ሐሳብ ደግሞ አይታይም፣ አይሸትም፣
በትንፋሽ መለኪያም አይነፋም፤
ስለዚህ ሕጉ አስቀድሞ «አስቧል» ብሎ ይነሣል።
አላሰብኩም ባዩ ልቡን ያውጣና ያስረዳ!

ጋርዳ ብሪስሊን ተነሣ፣ ማስታወሻውን ገለጠ፣
ቃሉን እንደ ደረቅ ዳቦ አንድ ባንድ አላመጠ።
«ከሌሊቱ ሁለት ሰዓት» አለ። እኔ «ስምንት» አልኩ ለአያልሰው፤
ስድስት ሰዓት ጨመርኩ፣ መሐላዬም ምንም አላለው።

«ከመጠጥ ቤቱ ጓሮ፣ መስኮቱ በትንፋሽ ታፍኖ፣
ወንበሩ ወደ ኋላ ተኝቶ፣ ሰውየውም አብሮ ተኝቶ።
ጫማ አላደረገም።
መሪው ላይ ሁለት ካልሲ ተሰቅሏል፣ እርጥብ፣ ግራጫ።
አንኳኳሁ። ነቃ። መስኮቱን ዝቅ አደረገና
በእኛው ቋንቋ፣ ባለፈ ጊዜ፣ ‹እሺ እሺ፣ ሄድኩ› አለኝ።»

ኢንስፔክተሩ ብድግ አለ፦ «ሄድኩ ካለማ ነድቷል!
ሊሄድ ነው ካላችሁም፣ ያው፣ ለመንዳት አስቧል።»
ዳኛዋ የብዕሯን ክዳን ነከሰች፤ ወደ እኔ ዞረች።
«ቃሉ በእናንተ ዘንድ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች።

እኔም ያልተማርኩትን የድጓ ቤት ወንበር ዘረጋሁ፤
እንደ አባቶቹ መምህራን «አንድም»ን ደረደርኩ።
አንድም፦ ሄድኩ፣ ያለቀ ነው፤ ዱካው ከኋላ ቀርቷል።
አንድም፦ ሄድኩ፣ ገና ነው፤ ሰውየው ደጃፍ ላይ ቆሟል፣
ነጠላውን እያስተካከለ ግማሽ ሰዓት ያወራል።
አንድም፦ ሄድኩ፣ መንገድ አይደለም፣
ባለሥልጣን በመስኮት ብቅ ሲል፣
«አትቆጣኝ፣ ዞር አልኩልህ» ማለት ነው፤
በእግር ይሁን በጎማ ቃሉ አያውቅም።

ጸጥ አለ። ዝናቡ ብቻ ጣራው ላይ ይከራከራል።

«ሕግ አውጪው» አለች ዳኛዋ፣ «ስለ ካልሲ አንድ መስመር አልጻፈም።
እኔ ግን መሪው ላይ ካልሲ የሰቀለ ሰው
መሪ ሊያዞር ነው ብዬ አልፈርድም።
መዝገቡ ተዘግቷል።»

ከኮሪደሩ፣ ከሻይ ማሽኑ አጠገብ፣
አያልሰው እጄን ሳመ። ሳንቲም ፈልጎ አጣ።
ከዚያ ለጫማው እንደሚናገር ሰው
«ካልሲው እስኪደርቅ ነበር የምጠብቀው» አለኝ።

ማንም አልጠየቀውም። እኔም አልተረጎምኩትም።

ከኋላ አግዳሚ ላይ አንዲት አሮጊት አሉ፤
የመጠጥ መዝገብ ባለ ቁጥር ሰኞ ሰኞ ይመጣሉ።
የላስቲክ ኮፍያቸውን በጉልበታቸው ይዘው፣
ሳይናገሩ ይሰማሉ፤ ሳይሰናበቱ ይሄዳሉ።
ዛሬ ግን በሩ ላይ ክንዴን ያዙኝ።
«የእኛም አፍ እንዲሁ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።
«ኮርማክ የዚያን ምሽት ቁልፉን እያንቀጫቀጨ፣
ገና እዚያው ቆሞ ሳለ፣ አንድ እግሩ ገና ከቤቴ፣
‹የለሁም› ነው ያለኝ።»

አንድም እስክል ጠበቁኝ።
አላልኩም።