ዜሮ ነጥብ ሦስት

ፍሪጃችን ሞቶ ሦስት ዓመት አልፎታል፤
እንጅባራ ተቀምጦ ማን ብርድ ይገዛል?
ሆዱ የባቄላ፣ በሩ የቀን መቁጠሪያ፣
እንደኔው ጡረታ ወጥቶ፣ ጥግ ይዞ የአቧራ ማደሪያ።

ዘንድሮ ግን እንየው፣ የቀድሞ ተማሪዬ፣
ከባሕር ዳር ትንሽ ዕቃ አመጣልኝ፤ "ጋሽዬ፣
ይኼ ነው መቆጣጠሪያው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰካ፤
እጅዎ ይረፍ ከእንግዲህ፣ ሙቀቱን እሱ ይለካ።"

ሁለት ሶኬት አለው፤ አንዱ ለማሞቂያ፤
የማቀዝቀዙን ሥራ ለእንጅባራ ሰጠኋት፣ ያለ ክፍያ።
እንደ አይጥ ጅራት ቀጭን ሽቦ ከጎኑ ወርዶ፣
ጫፉ የብረት ምላስ ነው፤ ይቀምሳል እሳትና በረዶ።

ምላስ ግን ይዋሻል። ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ ሰው
ያልፈተነውን መለኪያ እንዴት አድርጎ ይመነው?
ዜሮውን ልፈትሽ ብል፣ በረዶ ከየት ይምጣ?
ፍሪጃችን ሬሳ ነው። ሰማዩን ጠበቅሁ እስኪቆጣ።

መስከረም ሃያ ሁለት ቆርቆሮው ላይ ጠጠር ዘነበ፤
ኩባያ ይዤ ወጣሁ፤ ጎረቤት ደጁ ላይ ተሰበሰበ።
የሰው ገብስ ሲረግፍ እኔ ሰማይ ስለቅም፣
አፈርኩ።
ኩባያዬን ግን አልደፋሁም።

ውሃ ጨምሬበት፣ ምላሱን ነክሬ ስጠብቅ፣
"አንድ ነጥብ ሁለት" ይለኛል፣ ዜሮን ሳያውቅ።
ቁልፉን ተጭኜ ስህተቱን ቀነስኩለት፤
ምነው ሰውም እንዲህ ቢታረም፣ በአንድ ጣት።

ከዚያ ሬሳውን ከፈትኩት፤ ሁለት አምፖል፣ የኮምፒውተር ማራገቢያ፣
ለእርጥበቱ ሳህን ውሃ፣ የገለባ መደርደሪያ፣
ከየጎረቤቱ በብድር አርባ ሁለት እንቁላል።
ዕድሜውን በማቀዝቀዝ የፈጀ በስተርጅናው ያቅፋል።

ሠላሳ ሰባት ነጥብ ሰባት ብዬ ሞላሁ።
ቀጥሎ "ልዩነት?" አለኝ፤
ስንት ሲወርድ ልነሳ፣ ስንቱን ልታገሥ ማለቱ ነው።
እኔ ልዩነት አልወድም፤ ዜሮ ነጥብ አንድ አልኩት፤
ሌሊቱን ሙሉ ቀጭ! ቀጭ! ሲያበራ ሲያጠፋ ሰማሁት።
ያለምዘውድ፣ ባለቤቴ፣ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆና፣
"ይኼ ዕቃህ ቁርጥ አንተን ነው" አለች፤
"ጨው ሲያንስ ቀጭ! በር ሲከፈት ቀጭ!
ተው፤ ትንሽ ትንሹን እለፍና
እንተኛ።"

ተነሳሁ። ዜሮ ነጥብ ሦስት አደረግሁት።
ቤቱ ዝም አለ።
ተኛን።

በአሥራ ስምንተኛው ሌሊት መብራት ሄደ፤
ቁጥሩም አብሮ ጠፋ።
ለካ ዳኛውም በዚያው ሽቦ ነው የሚያድረው።
እኔ በሻማ መመሪያውን ሳገላብጥ፣ በቻይንኛ፣
እሷ በጋቢ የጠቀለለችው ሙቅ ጀሪካን፣ እንቁላሉ ሥር ተኛ።
አንዱን አንስታ የዐይኗ ቆብ ላይ አስደገፈች፤
"ቀዝቅዟል፤ ሌላ ውሃ ጣድ" አለች።
ጣድኩ። ደግማ አስደገፈች። "አሁን ልክ ነው።"
"ልክ ስንት ነው?"
"ልክ ነዋ!"

እስከ ንጋት ሦስት ጊዜ ጣድኩ፤ ሦስት ጊዜ ዐይኗ ፈረደ።
አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል መብራት መጣ፤ ቀዩ ቁጥር ነደደ፦
ሠላሳ ሰባት ነጥብ አራት።
ከፈቀድንለት ልዩነት አንዲት ነጥብ አልወረደ።
ቀጭ አለ፣ አንዴ።
አምፖሉ በራ።

ከአርባ ሁለቱ ሠላሳ አንዱ ወጡ፤ ብድሩን በጫጩት ከፈልን።
የቀሩትን አሥራ አንዱን
ያለምዘውድ ከቀርከሃው ሥር ቀበረች፤
እኔ ልቆጥራቸው ስል፣ "ይበቃል" አለች።

ትናንት ወጡ ጨው አንሶት ነበር።
ቀጭ ልል ስል፣ በጓዳው በር ቀዩን ቁጥር አየሁ፤
ሠላሳ ሰባት ነጥብ አምስት ይላል።
ገና ነው።
በላሁ።