ከመጽሐፉ ያለፈ ቁጥር

ስድስት ቀን ወደብ ላይ፥ ዓሣ እመዝናለሁ፤
እሑድ፥ ሌላ ሰው የጻፈው ስብከት አነባለሁ።
ቄሳችን አንድ ናቸው፥ ለስድስት መንደር፤
መምጣት መቅረታቸው፥ የማዕበሉ ነገር።

ቤተ ክርስቲያናችን ከሳንቃ ናት፥ ሬንጅ የጠጣች፣
ከፋሮ ደሴቶች ባንዷ ጥግ፥ ለነፋስ የተሰጣች።
ጣሪያዋ ላይ ሣር በቅሎ፥ በግ ይግጥባታል፤
«አባታችን ሆይ» ስንል፥ ኮቴው ምት ይመታል።
ከመሀሏ በሽቦ፥ የእንጨት መርከብ ተንጠልጥሏል፤
ውኃ ሳይነካው ኖሮ፥ ባየር ላይ ሸምግሏል።

የመዝሙሩን ቁጥር፥ ከግድግዳው ሰሌዳ ላይ፣
ሃኑስ ነበር የሚሰቅለው፥ ቅዳሜ ማታ፥ ማንም ሳያይ።
አርባ አንድ ዓመት ሙሉ፥ ለምን ይኼን ብለን ሳንጠይቅ፣
ቁጥሩን አይተን ገለጥን፤
እሱም ከኋላ ቆሞ አጉረመረመ፥ ዜማ ሳያውቅ።

የገና ሰሞን ሞተ።
ባሕር አልነበረም የወሰደው፤
አንዱን ጫማ አስሮ፥ ሌላውን ሲጎትት ነው የሄደው።

ከዚያ ወዲያ ሰሌዳውን የነካ የለም።
መጨረሻ የሰቀላቸው ሦስት ቁጥሮች እዚያው ቀሩ፤
እኛም ያንኑ ሦስት መዝሙር፥ እሑድ በመጣ ቁጥር።
ጥር አለፈ፥ በረዶው ወደ ዝናብ ዞረ፣
በጎቹ ወለዱ።
የትንሣኤ ዕለት ቄሱ በጀልባ መጡ፤
ካባቸው እስከ ጉልበት ረጥቧል።
ሰሌዳውን አዩ። እኛን አዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።
ባዶውን መቃብር አንብበው ሲያበቁ፥
ስለ ግርግም፥ ስለ ድርቆሽ፥ ስለ ሕፃኑ ዘመርን፤
ሱንቫ፥ ሚስቱ፥ ከሁላችን በላይ ጮኻ።

ታዲያ በግንቦት፥ አንድ እሑድ ስንገባ፣
ሰሌዳው ተቀይሯል።
አንድ ቁጥር ብቻ፥ ትንሽ ጠመም ብሎ፦
ዘጠኝ፥ ሦስት፥ ዜሮ።
ከሥሩ ወንበር አለ፤ ወንበሩ ላይ የጭቃ ዱካ፥
መዳፌን የማያህል።

መጽሐፋችን ስምንት መቶ ስድሳ ስምንት ላይ ያልቃል።

ማርዩን ከኦርጋኑ ፊት፥ ጣቷን አንስታ ጠበቀች፤
ገጽ ገለጠች፥ ገለጠች፥ መጽሐፉን ዘለቀች።
ወንዶቹ በቀኝ፥ ሴቶቹ በግራ፥ ሁሉም ቆሟል፤
የገጽ ድምፅ እንደ ክንፍ፥ ከወንበር ወንበር ዞሯል።
ከዚያ እሱም ቆመ።
ማንም «ስሕተት ነው» አላለም፤
ማንም አልተቀመጠም።

የትሮንዱር ልጅ ቢላ፥ ሰባት ዓመቷ፣
መጽሐፏን በባዶው ገጽ ገልጣ ይዛለች፥
መጽሐፍ ማለቅ እንዳለበት ገና አልነገሯትም።

ዝናብ ነበር። ከላይ በግ ሣሩን ሲነጭ ይሰማል።
መርከቡ ማን እንደነካው እንጃ፥
ቀስ ብሎ አፍንጫውን ወደ በሩ አዞረ።
ስንት አዝማች፥ ስንት ስንኝ እንደነበረው አላውቅም፤
ካሉን መዝሙሮች ሁሉ ግን ረዥሙ ነው።

ኋላ ከሴቶቹ ወገን አንድ ማጉረምረም ተነሣ፣
ዜማ የሌለው፥ እንደ ቆየ ማጠፊያ።
ዞር አላልኩም። ሱንቫ እንደሆነች አውቃለሁ፤
አርባ አንድ ዓመት አጠገቡ ተኝታ የተማረችው።
«አሜን» ስትል ተቀመጥን።

አንድ ነገር ብቻ ለማንም አልተናገርኩም።
ከሁሉ ለሰሌዳው የምቀርብ እኔ ነበርኩ፤
እጄን ብዘረጋ ይበቃ ነበር።
ዘጠኙ ከላይ በቀጭን ሚስማር ነው የተሰቀለው፤
ቢገለበጥ ስድስት ነው።
ስድስት መቶ ሠላሳ ደግሞ አለን፦
ስለ ደህና መልሕቅ የሚል፥ ሁላችንም በቃል የምናውቀው።

ስድስት ቀን ሚዛን ላይ፥ ግራም አላሳልፍም፤
የዚያን ዕለት ግን ቁጥሩን አላረምሁም።