አቻ ቃል

ማታ ማታ ሳስተምር፣ ከአራዳ ከፍ ብሎ፣
ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደልቀው ውሎ፣
አሥራ ሁለት ተማሪ ከሥራ የመጣ፣
ጭቃውን ደጅ ጠርጎ እንቅልፉን ያላጣ።
በእንግሊዝ ፊደል ጻፍኩ አንዲት ቃል በጠመኔ፦
ሰርፕራይዝ።
«አቻዋን ፈልጉ» አልኩ፣ «የራሳችሁን እንጂ የመዝገበ ቃላቱን አልጠየቅኩም እኔ።»

አዛናው ባጃጁን ደጅ አቁሞ ነው የሚማረው፣
አንድ ጆሮው ከኛ ጋር፣ አንዱ ውጭ ነው የሚያድረው፤
«ድንገት!» አለ። «ድንገት ማለት ጋሼ፣ አዘዞ መታጠፊያው ላይ፣
መብራት የሌለው በሬ ነው፣ ፍሬን ከያዝክ በኋላ የሚታይ።»
ሳቅን። ጻፍኩለት።
ግን ድንገት መንገዱ ነው እንጂ መንገደኛው አይደለም፤
ድንገት ዶፍ ይወርዳል፣ ድንገት ዘይት ይወደዳል፤ የሚገርመው ግን የለም።

ፈንታነሽ ሆስፒታል ናት፣ ከአዳር ወደ አዳር፤
«ድንጋጤ በሉት» አለች፣ «ክው ማለት፣ ጉልበት ሲከዳ እበሩ ዳር።»
ድምጿ ዝቅ አለ። አልጠየቅናትም የማንን በር።

ሐጂ ነስረዲን ከአዲስ ዓለም፣ በርበሬ ሲቸበችቡ የዋሉ፣
ሁለት ጊዜ አስነጥሰው «አጃኢብ ነው እንጂ!» አሉ።
እውነታቸውን ነው፤ ዐረብ አገር ተነሥቶ፣ በመተማ በኩል ገብቶ፣
ነጋዴው ሲመለስ ቃሉ እዚሁ ቀረ ቤት ሠርቶ።

ይባቤ ዲያቆኑ ጉሮሮውን ጠርጎ «አንክሮ!» ሲል አዜመ፤
«የሥላሴን ጣራ ቀና ብላችሁ እዩት፤ ያ ሁሉ መልአክ እንደ ተደመመ፣
ይህን ሁሉ ዘመን ዓይኑን ሳይከድን፣ ምን አይቶ ነው?» ብሎ ጠየቀ።
«እኛን ነዋ» አለች ፈንታነሽ። ክፍሉ በሳቅ ደመቀ።

ከዚያማ ቃሉ ጎረፈ፦ ግርምት፣ ዕፁብ፣ ታምር፣
እንዴ፣ ኧረ፣ በስመ አብ፣ ውይ፣ አፍ የሚያስይዝ ነገር፤
ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ ሲል አንዱ፣ ሌላው ጉድ በል ጎንደር!
ተረት ስሙን ጠርቶ ጉድ በል ብሎት የሄደ ከተማ፣
እስካሁን ጉድ እያለ ነው፤ በቃህ የሚል ድምፅ አልሰማ።

እኔም ልለያቸው ሞከርኩ፤ መገረም ራስ ያስነቀንቃል፣
መደነቅ ዓይን ያስፈጥጣል፣
ግን የትኛውም አቻ አይደለ፤ ዘመድ ነው እንጂ፣ አንድ አፍንጫ ይዞ ለየብቻው ይመጣል።

ሰሌዳው ሞላ።
ወይዘሮ ትጓደድ ብቻ ዝም።
ሳሙና በር ጥልፍ ይጠልፋሉ፤ ፊደሉንም እንደ ክር ይቆጥራሉ፣ አይቸኩሉም።
«እርስዎስ?»
«እኔ እንጃ ልጄ፤ ቃሉን አላውቀውም።

የበኩር ልጄ በመተማ ወጣ። አሥራ አንድ ዓመት ወሬ የለም።
ሞቷል አሉኝ። ተዝካሩን አወጣሁ፤
ዕዳውን ስከፍል ጥምቀት ደረሰ።
ነሐሴ ላይ፣ ልክ እንደዛሬው ሲዘንብ፣ በሩ ተንኳኳ።
እሱ ነው። ጢም አብቅሏል። ቆሟል።
ድንገትም አላልኩ፣ ጉድም አላልኩ፤
እልልታው የመጣው በማግሥቱ ነው፣ ውሃ ስቀዳ፣ ብቻዬን።
ያን ቀን ግን ወለሉን ገና መጥረጌ ነበር፤
እግሩን አየሁና
ጫማህን አውልቅ አልኩት።

አወለቀ። ካልሲ አልነበረውም።»

አዛናው ባጃጁን ማዳመጥ ተወ።
ሐጂ መሐረባቸውን ፈለጉ፤ በርበሬው ነው አሉ።

ጥግ ላይ ትንሽ ቦታ ቀርታ ነበር፤ ሰርፕራይዝ፣ የእኩል ምልክት፣
ጫማህን አውልቅ፤ በሚነበብ ፊደል ጻፍኩት።
ይባቤ እጁን አወጣ፦ «ፈተና ላይ ይመጣል?»
«ይመጣል።»
«ምርጫ ነው?»
ልመልስለት ስል መብራት ሄደ።
ማንም አልተገረመም።