ስንዝር

ዐሥራ አንድ ጭስ ነበር ደሴታችን ላይ፣
ከታንኳ ላይ ሆኖ ማለዳ ለሚያይ።
ዘንድሮ አራት ነው፤ አምስትም ይሆናል፣
የውድነሽ እሳት ካደረ ይታከላል።

እኔና ባንቴ ግን ለስንዝር መሬት፣
ጌሾ ለማታበቅል፣ ለማትሞላ ቅርጫት፣
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ባሕር ዳር ተመላለስን።
ያለችን አንዲት ታንኳ።
ጀርባ ተሰጣጥተን በዚያችው ተቀመጥን፣
ጣና ሲቆጣ ግን ክንድ ለክንድ ተያዝን፣
ወደቡን ስንረግጥ እንደገና ተካሰስን።

አምና እምቦጭ ወደቡን ጥርቅም ሲያደርገው፣
ባንቴ መረቡን ጠቅልሎ ቤቱን ተወው፤
ልጁ ባጃጅ አለው፣ ሽምብጥ ሰፈር።
«ያንተ ናት፣ ውሰዳት» አለኝ ሲሳፈር፣
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያላለውን ነገር።

በሬዎቼን ጠምጄ ስንዝሯ ጋ ስደርስ፣
እነሱም ለምደዋል፣ ዞረው መመለስ።
ሣሩ ጉልበቴ ደርሷል፤ ድንጋዩ አይታይም።
ውድነሽ «እረሳት እንጂ» ትላለች። አላርስም።

ቅዳሜ ጀልባው ሲመጣ ነጂውን ጠራሁት፤
ጤፍና ሳሙናውን ሳላዝዘው ተውሁት።
«ባንቴን ፈልግና እንዲህ በለው» አልሁት፦
«ድንጋዩን ገፍቶታል፤ ናና ተሟገት።»