የገብስማዋ ነገር

መብላትስ ትበላለች፣ ከሁሉም ቀድማ፣
ጥሬ ስበትን፣ ያቺ ገብስማ፤
ግን ክንፏን አንሥቼ ከሥር ብዳብሳት
ቢላዋ ደረቷ፣ ሥጋ የሚባል የላት፤
ኩክኒዋ ገርጥቶ፣ ቀን ነው እንቅልፍ የሚጥላት።

ዘምዘም ካጥር ማዶ፣ ልብስ እያሰጣች፣
«ዓይን ነው፣ ዓይን ነው» ትለኝ ጀመረች፤
«የመርሳ ሰው ዓይኑ እንኳን ዶሮ በሬ ይጥላል፤
ዱዓ ይደረግላት፣ አላህ ይችላል።»

በነጋው አንዷ ቄብ ከቆጥ ወደቀች።
አልቀበርኳትም።
ከማንጎው ሥር ወስጄ፣ ከሰው ተከልዬ፣
በሽንኩርት ቢላዋ ቀደድኳት፣ ልይ ብዬ፤
አንጀቷ ጢም ብሏል፤ ነጭ፣ ቀጭን፣ ረጅም፤
ፓስታ ነው ልል ስል
አንዱ ተላወሰ። ዛሬም ፓስታ አልደፍርም።

የእንስሳት ክሊኒኩ ልጅ፣ ይማም፣ ለክቶ ሰጠኝ፤
«ማታ ውኃ ከልክለሽ፣ ጧት ይህን በጥብጪ፣
ኩሱን ጠርገሽ አውጪ፣ ጉዝጓዙን አስጪ፣
ሦስት ሳምንት ቆጥረሽ መልሰሽ አጠጪ።
ደግሞም» አለ፣ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ፣
«ዐሥራ አራት ቀን ዕንቁላል አይበላም ካንቺ ጓሮ።»

ያን ሰሞን ነው ታዲያ የመጣችው ዘምዘም፦
«ምራቴ ወልዳለች፣ ሌላ ነገር አልሻም፣
አራት ዕንቁላል ብቻ።»
«የለኝም» አልኳት።
ከኋላዬ ወሰራዋ፣ ያች ጉደኛ ፍጥረት፣
ጣለች፤ ጮኸች፤ ለሰፈሩ አወጀች።
ዘምዘም ዶሮዋን አየች፣ እኔን አየች፣ ሄደች።

ስምንት ቀን ሰላምታ የለ። ዕንቁላሉን እኔ
በየጧቱ ለቅሜ ጉድጓድ ስቀብር፣
እንደ ሰረቀ ሰው ዙሪያዬን ስማትር፤

በዘጠነኛው ቀን ጓሮ ብወጣ፣
የዘምዘም ዶሮዎች በሽንቁር ሾልከው
ያን የማንጎ ሥር ይጭራሉ ተሰልፈው፤
እኔ ያልጠረግሁትን፣ ቄቧን የከፈትኩበትን።
አጥር ለሰው እንጂ ለትል መች ተሠራ?
ብልቃጡን ይዤ ሄድኩ፣ ልቤ እየፈራ።

«ዓይን አይደለም፣ ዘምዘም። ነይ ላሳይሽ፤ ትል ነው።
ዕንቁላሉም የነሣሁሽ መድኃኒት ስላለው።»
ዝም አለች። ኋላ፦
«ብትነግሪኝስ ኖሮ ምን ነበረበት?»

ምን ብዬ? የጓሮዬን ትል ለማን ልናገር?
ገመና መስሎኝ ነበር።

አሁን የእሷም ዶሮዎች ጠጡ፣ ቀን ጀመሩ፤
የእሷም ዕንቁላል ጉድጓድ ነው ዳሩ፤
አራሷ፣ ምስኪን፣ የሱቅ ዕንቁላል ትበላለች፤
ሁለታችንንም ትረግማለች።

ትናንት ሲመሽ ደግሞ
ገብስማዬን ከቆጥ አነሣኋት፤
እጄ ላይ ከበደችኝ፣
ጥቂት።